ላንድክሩዘር 77 ከጃፓን ወደ ቨርጂኒያ፦ የሥራ ሂደት ማስታወሻ

(ቀኖቹ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።)

ኦክቶበር 2023፦ ምርጫው

የምፈልገው ቶዮታ ላንድክሩዘር 77 ነው። ባለ አራት በር፣ ማንዋል ካምቢዮ፣ ሞተሩ 1ኤች.ዜድ ናፍታ። አገር ቤት ያደገ ሰው ይህን ሞተር በድምፁ ይለየዋል። የእርዳታ ድርጅት ሃርድ ቶፕ፣ የጤና ጣቢያ አምቡላንስ፣ የወረዳ ፒካፕ፤ ብዙዎቹ የሚሄዱት በዚሁ ነው። 6 ሲሊንደር፣ 4.2 ሊትር፣ ቱርቦ የሌለው። በመፍቻና በትዕግሥት የሚጠገን ሞተር ስለሆነ ነው የምወደው።

አሜሪካ ውስጥ ቶዮታ 70 ሲሪስን፣ ማለትም 77 ያለበትን የላንድክሩዘር ዘር፣ ሸጦ አያውቅም። ስለዚህ ያለው መንገድ ከውጭ ማምጣት ነው።

ሕጉን መጀመሪያ ጨረስኩ። በ1988 የወጣው ሕግ ለአሜሪካ ገበያ ያልተሠራ መኪና ማስገባትን በጣም አጥብቆታል። 25 ዓመት የሞላው መኪና ግን ከደህንነት ደረጃው ነፃ ነው። ዓመቱ የሚቆጠረው ከተመረተበት ቀን ነው እንጂ በሞዴሉ ዓመት አይደለም። ጭሱን የሚመለከተው የአካባቢ ጥበቃ መሥሪያ ቤት ኢ.ፒ.ኤ ደግሞ 21 ዓመት የሞላውንና ከነመጀመሪያው ይዘቱ ያለውን ይተወዋል። ሞተሩ ተቀይሮ ከሆነ ሌላ ጣጣ አለው። እኔ የምፈልገው ከ1994 እስከ 1996 የተሠራ ስለሆነ ሁለቱንም ያልፋል።

ከጃፓን የመረጥኩበት ምክንያት ሁለት ነው። አንደኛ፣ ጃፓን በ2001 ያጠበቀችው የጭስ ሕግ አሮጌ ናፍታ መኪና በቶኪዮ፣ በኦሳካና በናጎያ ዙሪያ እንዳይመዘገብ ከልክሏል። ስለዚህ ብዙዎቹ ወደ ውጭ ይሸጣሉ። ሁለተኛ፣ ሰሞኑን 1 ዶላር ወደ 150 የን እየተመነዘረ ነው። እንዲህ ያለ ምንዛሪ ሁልጊዜ አይገኝም።

እዚሁ አሜሪካ ገብተው ለሽያጭ የቀረቡ ነበሩ። ያየኋቸው ደህና ደህናዎቹ ከ30,000 ዶላር በላይ ይጠየቅባቸዋል። ሻጩ ቀለም ቀብቶ፣ ሥሩን ጥቁር ሬንጅ ነገር ለቅልቆ ነው የሚያቀርበው። ከሬንጁ ሥር ምን እንዳለ አይታይም። እኔ ዝገቱን ራሱን አይቼ መግዛት እመርጣለሁ።

ኦክቶበር መጨረሻ፦ የጨረታ ወረቀት

ጃፓን ውስጥ ያገለገለ መኪና በብዛት የሚገላበጠው በነጋዴዎች ጨረታ ነው። ትልቁ ዩ.ኤስ.ኤስ ይባላል። የቶኪዮው ቅርንጫፍ ቺባ ክፍለ ሀገር ኖዳ ከተማ ውስጥ ነው፤ ሐሙስ ሐሙስ ይሸጣል። አባል ያልሆነ ሰው አይጫረትም። ስለዚህ ላኪ ወኪል ያዝኩ። ወኪሉን ስመርጥ ያየሁት አንድ ነገር ነው፦ የጨረታውን ወረቀት ዋናውን ቅጂ ያሳያል ወይስ የራሱን ማጠቃለያ ብቻ ይልካል? ዋናውን የማያሳይ ወኪል ጋር አልሠራም።

ወረቀቱ አንድ ገጽ ነው። ከላይ ጥግ ላይ ደረጃው ይጻፋል፦ 5፣ 4.5፣ 4፣ 3.5፣ 3 እያለ ይወርዳል። አር ወይም አር.ኤ ካለ ተጋጭቶ የተጠገነ ነው። ከታች የመኪናው ሥዕል አለ፤ በየቦታው ፊደልና ቁጥር ይጻፍበታል። ኤ ጭረት ነው፣ ዩ ስርጉድ፣ ደብልዩ ተጠግኖ ሞገድ የቀረበት፣ ኤስ ዝገት። ሲ ደግሞ ዝገቱ ብረቱን መብላት ሲጀምር ነው። ቁጥሩ ባደገ ቁጥር ጉዳቱ ይብሳል። የፍተሻ ሠራተኛው በእጁ የሚጽፈው አስተያየት ግን ከሁሉም ይበልጣል። እሱን ያላስተረጎመ ሰው መኪናውን አላየም ማለት ነው።

የመጀመሪያው እጩ ደረጃ 4 ነበር። ፎቶው ያምራል፣ ወንበሩ ንጹህ፣ ዋጋውም ደህና። አስተያየቱ ሲተረጎም ግን «ሥሩ ተበልቷል» ይላል። መኪናው የሰሜን ጃፓኗ ደሴት የሆካይዶ ነው። እዚያ በክረምት መንገዱ ላይ ጨው ይነሰነሳል። ሻንሲው የተበላ መኪና ሞተሩ ወርቅ ቢሆን ምን ይሠራል? ተውኩት። ሌላ አንድ ጥሩ መጣ፤ ከያዝኩት የዋጋ ጣሪያ በላይ ሄደ። እሱንም ተውኩት። ጣሪያን በጨረታ መሃል ከፍ ማድረግ የለም።

ኖቬምበር፦ ተገኘች

1995 ሥሪት፣ 187,000 ኪሎ ሜትር፣ ደረጃ 3.5። የፍተሻው አስተያየት፦ ሥሩ ላይ የላይ ዝገት፣ የሾፌር ወንበር የተቀደደ፣ ከፊት ቀኝ እግር በኩል ዘይት ያረጠበው። ሲ የሚል ፊደል የትም የለም። የላይ ዝገት በብሩሽ ይወርዳል። ወንበር ይሰፋል። የፊት እግር ዘይት ደግሞ የዚህ መኪና የታወቀ ጠባይ ነው፤ ዘይት ማገጃ ጎማው (ፓራዎሊዮው) ሲያረጅ ያፈሳል። 3.5 ስለሆነች ሌላ ሰው አላሯሯጠባትም።

የያዝኩት ጣሪያ 2,200,000 የን ነበር። በ2,120,000 ወደቀች። የጨረታ ክፍያ፣ የወኪሉ ድርሻ፣ እስከ ዮኮሃማ ወደብ ማጓጓዣና የወረቀት ሥራ 180,000 የን። ወደብ ላይ እስክትቆም 2,300,000 የን፣ ማለትም 15,333 ዶላር።

ገንዘቡን የላክሁት የሻንሲ ቁጥሯ የተጻፈበት ደረሰኝ ከደረሰኝ በኋላ ነው። የባንክ ሒሳቡ ስም ከድርጅቱ ስም ጋር አንድ መሆኑንም አየሁ። በግለሰብ ስም ላክ የሚል ከመጣ እዚያው ማቆም ነው። የባንክ መላኪያ 45 ዶላር።

ወኪሉን ከመርከብ በፊት የጠየቅሁት፦ ሻንሲው ላይ የተመታው ቁጥር ፎቶ፣ የሞተሩ ቁጥር ፎቶ፣ የኋላ ወንበርና ቀበቶዎቹ ከሁለቱም በር በኩል፣ ሥሯ በሙሉ። በተጨማሪ ሥሯ በእንፋሎት እንዲታጠብ። አሜሪካ የውጭ አገር አፈር የያዘ መኪና አታስገባም፤ ጭቃ ከተገኘ ወደብ ላይ ማሳጠቡ የባለቤቱ ወጪ ነው።

ዲሴምበር፦ አንድ መስመር

የጃፓን ሊብሬዋ ተሰርዞ ለኤክስፖርት የሚሰጠው ማረጋገጫ ወጣ። ዋናው ወረቀት በፖስታ ደረሰኝ። እሱ ከሌለ እዚህ ታርጋ የለም፤ ስለዚህ በፕላስቲክ ከትቼ ከፓስፖርታችን ጋር አስቀመጥኩት።

ትርጉሙን መስመር በመስመር አነበብኩ። «አገልግሎት» በሚለው ፊት ለፊት «ጭነት» ይላል። ወኪሉን ስጠይቀው አልገረመውም። የዚህ ሞዴል ናፍታዎቹ ጃፓን ውስጥ የሚመዘገቡት በጭነት መደብ ነው። ታርጋቸውም በ1 ይጀምራል። የግብር ጉዳይ ነው እንጂ መኪናዋ 5 ሰው የምትጭን ባለ አራት በር ናት። የሰው ብዛቱም እዚያው ወረቀት ላይ 5 ተብሎ ተጽፏል።

አሜሪካ ጉምሩክ ፊት ግን ይህች ቃል ዋጋ አላት። በ2023 የሰው መኪና ቀረጥ 2.5 በመቶ ነበር። የጭነት መኪና 25 በመቶ። ይህ ልዩነት ከ1964 ጀምሮ ያለ ነው። አውሮፓውያን በአሜሪካ ዶሮ ላይ ቀረጥ ሲጥሉ ፕሬዚዳንት ጆንሰን አጸፋውን በጥቂት ዕቃዎች ላይ ጣሉ። የሌሎቹ እየቀረ የጭነት መኪናው እስከ ዛሬ ጸንቶ ቆየ። በእኔ ሒሳብ ልዩነቱ ወደ 3,450 ዶላር ይመጣል። የወንበሩንና የቀበቶውን ፎቶ ያስነሳሁት ለዚህ ነው። በአንድ ፋይል አድርጌ ስም ሰጠሁት።

ጃንዋሪ 2024፦ መርከብ

ከዮኮሃማ ተጫነች፤ እየተነዱ ገብተው በሚወጡበት በሮሮ መርከብ። ኮንቴይነር አላስፈለገም። የመርከብ 2,180፣ የጉዞ ኢንሹራንስ 210 ዶላር። መኪናው ውስጥ ምንም ዕቃ አይቀመጥም፤ መለዋወጫ ጨምሮ መላክ ይቻላል የሚሉ አሉ፣ እኔ አልሞከርኩትም።

ከመጫኑ 24 ሰዓት በፊት ለአሜሪካ ጉምሩክ መሄድ ያለበት አይ.ኤስ.ኤፍ የሚባል መረጃ አለ። ካልተላከ ወይም ከዘገየ ቅጣቱ እስከ 5,000 ዶላር ነው። ብዙ ሰው ትራንዚተር የሚፈልገው መርከቡ ሲቃረብ ነው፤ ያኔ ይህ ሰዓት አልፏል። መኪናዋ እንደተገዛች ትራንዚተር መያዝ ይሻላል።

መንገዱ በፓናማ ቦይ ነው። ቦዩ ውኃ የሚያገኘው ከጋቱን ሐይቅ ሲሆን በድርቁ ምክንያት ሐይቁ ወርዷል። በደህናው ጊዜ በቀን ወደ 36 መርከብ ያሳልፍ የነበረው በዚህ ወር 24 ላይ ነው። የመድረሻው ቀን ሁለት ጊዜ ተገፋ። እስከዚያ መለዋወጫ ማዘዝ ጀመርኩ።

የመለዋወጫው ነገር እንዲህ ነው። ሞተሩ አሜሪካ ስላልተሸጠ እዚህ ያለ የቶዮታ ሱቅ ኮምፒውተሩ ውስጥ እንኳ አያገኘውም። 70 ሲሪስ ዛሬም የሚሸጥባቸው የባሕረ ሰላጤ አገሮችና አውስትራሊያ ግን ሞልቷል። ቺንጋውን፣ ፊልትሮዎቹንና የፊት እግር ፓራዎሊዮዎቹን ከዱባይ አዘዝኩ። አዲስ አበባ ያለው የአክስቴ ልጅ «ሶማሌ ተራ ሄጄ በአንድ ከሰዓት ላሟላልህ እችላለሁ» አለኝ። እውነቱን ነው። ሰው የሚመጣበት ጊዜ ስላልገጠመ ብቻ ነው ያልሆነው።

ፌብሩዋሪ፦ 25 በመቶ

ለትራንዚተሩ ከመጀመሪያው የነገርኩት «ጉምሩክ ከማስገባትህ በፊት ረቂቁን አሳየኝ» ብዬ ነው። 7501 የሚባለው፣ ዕቃውና ቀረጡ ለጉምሩክ የሚገለጽበት ፎርም ረቂቁ መጣ። ቀረጥ፦ 3,833 ዶላር። ትርጉሙ ላይ «ጭነት» የሚለውን አይቶ በጭነት መኪና የታሪፍ ቁጥር ሞልቶታል።

ያን ቀን ማታ የጻፍኩለት ይህን ነው። ከሾፌሩ ኋላ ቋሚ ወንበር አለ። ለእያንዳንዱ ተቀማጭ ቀበቶ አለው። በሁለቱም ጎን የኋላ መስኮት አለ። የኋላ ተሳፋሪ የሚገባበት የራሱ በር አለው። በሰውና በዕቃ መካከል የተበየደ መለያ የለም። የታሪፍ መጽሐፉ ማብራሪያ መኪናን ከሰው ጎራ የሚመድበው እነዚህን አይቶ ነው። በ1994 የፌዴራል ይግባኝ ፍርድ ቤት ባለ ሁለት በሩን ኒሳን ፓዝፋይንደር የሰው መኪና ነው ያለውም በተመሳሳይ ሚዛን ነው። ባለ ሁለት በሩ ካለፈ ባለ አራት በሩ የማያልፍበት ምክንያት የለም። የጃፓን የታርጋ መደብ አሜሪካን አያስገድድም። ፎቶዎቹን አያያዝኩ።

በማግሥቱ ጠዋት ደወለ። ፎቶ ያለው ደንበኛ ብርቅ ነው አለኝ። ቁጥሩን ወደ 8703.33 ቀየረው፤ ከ2,500 ሲሲ በላይ የሆነ ናፍታ የሰው መኪና ማለት ነው። አዲሱ ሒሳብ፦ ቀረጥ 383፣ የጉምሩክ አገልግሎት 53፣ የወደብ ጥገና 19፤ ድምር 455 ዶላር። አሜሪካ ቀረጡን የምታሰላው ያለ መርከብ ዋጋው ስለሆነ 2,180ው አልተቀረጠም። ኢትዮጵያ መኪና ያስገባ ሰው ልብ ይበል፤ እኛ አገር መርከቡና ኢንሹራንሱም ተደምሮ ነው።

ሌሎቹ ሁለት ፎርሞች አላስቸገሩም። የደህንነት ደረጃው ፎርም ኤች.ኤስ-7 ላይ የመጀመሪያው ሣጥን፣ 25 ዓመት የሞላው የሚለው። የኢ.ፒ.ኤው 3520-1 ላይ ኮድ ኢ፣ 21 ዓመት የሞላው የሚለው። ትራንዚተሩ ለጉምሩክ ከሚያዘው ዋስትና (ቦንድ) እና ከአይ.ኤስ.ኤፉ ጋር 500 ዶላር ወሰደ። ጉምሩክ ሳይከፍት ሳይፈትሽ ለቀቃት።

ፌብሩዋሪ መጨረሻ፦ ባልቲሞር

ዳንዶክ ተርሚናል። የወደብ መታወቂያ የሌለው ሰው ብቻውን አይገባም፤ አጃቢ ይከፈላል። አጃቢውና የተርሚናሉ ክፍያ 135 ዶላር።

በሺህ የሚቆጠር አዲስ መኪና መሃል ቆማለች። መስታወቷ ላይ ቁጥር በኖራ ተጽፏል። ከፊት ግራ መከለያ ላይ ትንሽ ክብ መስታወት አለች፤ ጃፓኖች ከአፍንጫ ሥር ያለውን ለማየት የሚያደርጓት። ባትሪው ሞቷል። ኬብል ሰጥተን ቁልፉን አዞርኩ፤ የማሞቂያው መብራት እስኪጠፋ ጠብቄ አስነሳኋት። ያ ድምፅ መጣ። አጃቢው ወጣት ልጅ «ይሄ ምንድነው?» አለኝ፤ ቆሜ ሁሉንም ነገርኩት።

ነድቼ አልወጣሁም። ኢንሹራንስ የለም፣ የጎማው ዕድሜ አልታወቀም። በቶው ትራክ እስከ ቤት 340 ዶላር።

እስከ ግቢዬ በር ጠቅላላ፦ 19,198 ዶላር።

ማርች 26

ዛሬ ሌሊት የባልቲሞሩ ፍራንሲስ ስኮት ኪ ድልድይ መርከብ ገጭቶት ወደቀ። ድልድዩ ላይ የሌሊት ጥገና ይሠሩ የነበሩ 6 ሠራተኞች ሞቱ። ሁሉም ከላቲን አሜሪካ እንጀራ ፍለጋ የመጡ ነበሩ። እኔም ስደተኛ ነኝ፤ ሌሊት የሠራሁበት ጊዜ አለ። ዳንዶክ ከድልድዩ ወደ ውስጥ ስለሆነ የእኔን መኪና የያዘው መርከብ ከአንድ ወር በፊት ያለፈው በዚያው ሥር ነው። ዛሬ ምንም አልሠራሁም።

ማርች – አፕሪል፦ ጋራዥ

የሚያግዙኝ ጋሼ ናቸው። አዲስ አበባ ውስጥ ዕድሜያቸውን የእርዳታ ድርጅት ላንድክሩዘሮች ሲሠሩ ኖረው፣ ልጆቻቸው ናቸው ወደዚህ ያመጧቸው። «1ኤች.ዜድ መጣ» ስላቸው የሥራ ልብሳቸውን ለብሰው ነው የመጡት።

መጀመሪያ ጎማ። የጎማ ዳር ላይ አራት አሃዝ አለ፤ ሁለቱ ሳምንት፣ ሁለቱ ዓመት። የእኛው 3113 ይላል፤ የ2013 31ኛ ሳምንት። ጥርሱ ገና ነው፤ ጎማው ግን አርጅቶ ተሰነጣጥቋል። አራቱም ተጣሉ። 860 ዶላር።

ቀጥሎ የፊት ቀኝ እግር። ክሪክ አድርገን ሀቡን ፈታን። ውስጥ ያለው ትልቁ ዳዶ 54 ሚሊ ሜትር ነው። በመዶሻና በካቻቢቴ እየመቱ የሚያዞሩት አሉ፤ ከእኛ በፊት የነካው ሰውም እንዲያ አድርጎት ኖሮ ጠርዙ ተበልቷል። የ54 ቦሶላ 25 ዶላር ነው። ጋሼ የተበላውን ዳዶ እያገላበጡ አይተው «ይሄን ሠሪው አይደለም ያጠፋው፣ ስስት ነው» አሉ።

ከዚያ የመሪ ኳሱን ከፈትን። እዚያ ውስጥ መኖር ያለበት ወፍራም ግሪስ ነው።

«ጣትህን ክተት» አሉኝ። ከተትኩ።

«ግሪስ ነው ሾርባ?»

ሾርባ ነበር። ግራጫ፣ ቀጭን፣ በጣቴ መሃል የሚወርድ። የውስጠኛው ፓራዎሊዮ አልቆ የዲፈረንሻሉ ዘይት ወደ ግሪሱ ገብቷል። የጨረታው ወረቀት ላይ «ዘይት ያረጠበው» የተባለው ይህ ነው። ሁሉም ወጣ፤ በናፍታ ታጠበ፣ በጨርቅ ደረቀ። ኩሽኔታዎቹን ጋሼ አንድ በአንድ ወደ ብርሃን ይዘው አዩዋቸው። ሁለቱ ላይ ጭረት አለ። እኔ ለዓይኔ አልታይ አለኝ። ጥፍሬን እንዳስኬድበት አደረጉኝ፤ ጥፍሬ ያዘው። ሁሉም ተቀየሩ።

ስንገጥም መሪውን የሚሸከሙት ኩሽኔታዎች ጥብቀት በስሜት አልተተወም። ጋሼ የዓሣ መመዘኛ ሚዛን ከኪሳቸው አወጡ። ክንዱ ጫፍ ላይ አንጠልጥለው በቀስታ ይስባሉ፤ መንቀሳቀስ ሲጀምር ሚዛኑ ያሳየውን ያነባሉ። ከመመሪያው ካነሰ ሺሙን፣ ማለትም ጥብቀቱን የሚያስተካክለውን ስስ ብረት፣ ይቀይራሉ። ግራውም ሳይቆይ ያው ስለሚሆን ሁለቱንም ሠራን። ኪትና ኩሽኔታ 310 ዶላር።

የታይሚንግ ቺንጋ። ጃፓኖች ቺንጋ ሲቀይሩ ሞተር ክፍሉ ውስጥ ቀኑንና ኪሎ ሜትሩን የያዘ ወረቀት ይለጥፋሉ። የእኛው 101,000 ላይ ተቀይሯል ይላል። መቀየሪያው በየ100,000 ስለሆነ ገና ቀረው። ግን የተቀየረበት ዓመት ሩቅ ነው፤ የቺንጋ ጎማ በኪሎ ሜትር ብቻ ሳይሆን በዕድሜም ያረጃል። ይህ ቺንጋ ከተበጠሰ ቫልቭና ፒስቶን ይገናኛሉ። ስለዚህ ከወጣሪው ኩሽኔታና ከውኃ ፓምፑ ጋር ተቀየረ። 290። ምልክቱን ነጥብ በነጥብ አግጥመን፣ ቁልፉን ሳንነካ ሞተሩን በእጅ ሁለት ዙር አዙረን እንደገና አየን። ገጠመ። አዲስ ወረቀት በአማርኛ ጽፈን ለጠፍን።

የማሞቂያ ካንዴላዎች 6ቱም፣ 150። ሁሉም ዘይትና ፊልትሮ፣ 190።

ሥሯ ብዙ ቅዳሜ በላ። ሽቦ ብሩሽ፣ ዝገት ማሰሪያ ቀለም፣ ከዚያ የሰም ዘይት፤ 140 ዶላር። ሻንሲውን በመዶሻ ጫፍ ከፊት እስከ ኋላ መታነው። ጥሩ ብረት ይጮኻል፣ የተበላ ይደነዝዛል። የደነዘዘ አላገኘንም። ባሌስትራዎቹ ቅጠላቸው አልተሰበረም፤ የመያዣ ጎማቸው ግን አልቋል፣ ለሚቀጥለው።

ለጋሼ 700 ዶላር ሰጠኋቸው። አልቀበልም ብለው ተከራከሩ። በመጨረሻ ከባለቤታቸው ጋር ተስማማሁ።

ሜይ፦ ኢንሹራንስና ታርጋ

ኢንሹራንሱ ከታርጋው ይልቅ አስቸገረ። የአሜሪካ ሲስተም 17 አሃዝ ቁጥር ይፈልጋል፤ የጃፓን ሻንሲ ቁጥር አጭር ነው። አንደኛው ድርጅት «ሲስተሙ አልተቀበለም» ብሎ ዘጋ። ሌላው በስልክ ሰው አገናኝቶኝ በእጅ አስገቡት። በድረ ገጽ አትልፉ፤ ሰው አነጋግሩ።

ታርጋ የሚሰጠው መሥሪያ ቤት፣ ዲ.ኤም.ቪ፣ የሄድኩት የኤክስፖርቱን ዋና ወረቀት፣ የተመሰከረ ትርጉሙን፣ የግዢ ደረሰኙንና ማኅተም ያለበትን 7501 ይዤ ነው። የመስኮቷ ሠራተኛ ታርጋዬን ሳትሰጥ አለቃዋን ጠራች፤ እሱ ወረቀቶቹን በቅደም ተከተል አይቶ ፈረመ። የቨርጂኒያ የሽያጭ ግብር 4.15 በመቶ፣ 636 ዶላር። ሊብሬ 15 ዶላር።

ቨርጂኒያ ለ25 ዓመት መኪና የአንቲክ ታርጋ ትሰጣለች፤ ዓመታዊ ምርመራም አይጠየቅበትም። ግን ለዘወትር መጓጓዣ አይፈቀድም፣ ለሽርሽርም ከቤት 250 ማይል አይታለፍም። እኔ ልጆች ትምህርት ቤት የማደርስባት፣ ክረምት ላይ ዌስት ቨርጂኒያ ተራራ የምወጣባት መኪና ነው የምፈልገው። መደበኛውን ታርጋ ወሰድኩ። የጭስ ምርመራ የለባትም፤ ሰሜን ቨርጂኒያ ናፍታ የሚመረመረው ከ1997 ወዲህ የተሠራው ነው።

ጁን፦ ምርመራና የቀረው

ለደህንነት ምርመራው የፊት መብራቱን ቀየርኩ። ጃፓን በግራ ስለሚነዳ የመብራቱ ጨረር ወደ ግራ ያዘነብላል፤ እዚህ ከፊት የሚመጣውን ሾፌር ዓይን ይወጋል። መብራቱ ክብ 7 ኢንች ስለሆነ የአሜሪካው ልክ ይገባበታል። ጥንዱ 70 ዶላር። ምርመራው 20 ዶላር፤ በመጀመሪያው አለፈች። ቦሎው ተለጠፈ።

ራዲዮው ከ76 እስከ 90 ሜጋኸርትዝ ብቻ ነው የሚይዘው፣ የጃፓን ክልል ስለሆነ። 88.5ን ይይዛል፤ ከ90 በላይ ያለው ሁሉ የለም። ለጊዜው ይበቃኛል፤ ከፋብሪካ የመጣውን ራዲዮ መንቀል አልፈልግም።

የቀኝ መሪ ለመልመድ ከባዱ መሪው አይደለም፤ በሁለት መስመር መንገድ ከፊት ያለውን መቅደም ነው። ጎንህ የሚቀመጥ ሰው ካላየልህ አትቀድምም። ባለቤቴ ካልነገረችኝ ከኋላ መሄድ ነው። ፍጥነቱም በኪሎ ሜትር ነው፦ 55 ማይል 88፣ 65 ማይል 105። ዳሽቦርዱ ላይ ሁለት ነጭ መስመር ለጠፍኩ።

ሥራው ከነጋሼ ድካም 2,710 ዶላር ሆኗል። ከነግብሩና ሊብሬው ሁሉም ሲደመር ወደ 22,600።

የቀረው፦ የባሌስትራ ጎማዎች (ታዝዘዋል)፣ የሾፌር ወንበር ስፌት፣ የኋላ ቀኝ በር የመስታወት ጎማ። ቀጥሎ የቫልቭ ክፍተት እንለካለን። ሞተሩ ቀዝቅዞ ማደር ስላለበት ጋሼ ቅዳሜ ጠዋት፣ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ይመጣሉ።